ሰባተኛው መደብ

አዲስ የአልጋ ልብስ የሚታሸግበት ፕላስቲክ የራሱ ሽታ አለው። የማያውቀው ሰው ሽታም አይለውም፤ ለእኔ ግን ከሽቶ ይበልጥብኛል። ባለፈው ልጄ ሐያት ከሞል የገዛችልኝን የአልጋ ልብስ ልታነጥፍልኝ ዚፑን ስትከፍተው ያ ሽታ ክፍሉን ሞላውና የያዝኩትን መርፌ አስቀምጬ ዝም አልኩ። «ማማ፣ ፕሬዠርሽ ነው?» አለችኝ። ሐኪም ናት፤ ሰው ዝም ሲል ግፊቱ ከፍ ያለ ነው የሚመስላት። «ፕሬዠር አይደለም፣ ኦሬንጅ ፋርም ነው» አልኳት። ፕላስቲኩን አጣጥፋ ልትጥለው ስትል ተቀበልኳትና ከፍራሼ ሥር ከተትኩት። ስድሳን ያለፈች ሴት ፕላስቲክ ስትደብቅ ማየት ደስ እንደማይል አውቃለሁ። እኛ ግን በዚህ ፕላስቲክ ላይ ሥጋ አንጥፈን ተካፍለናል፤ እንዲህ በቀላሉ አይጣልም።

ዘመኑን በቁጥር አትጠይቁኝ። አንድ ሙሉ ዳቦ በሦስት ራንድ የሚገዛበት ጊዜ ነበር። ከምንኖርበት ሰፈር ከኦሬንጅ ፋርም ወደ ከተማ ስንገባ የታክሲው ሂሳብ ከኋላ ወንበር ተዋጥቶ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ሹፌሩ ዘንድ ይደርሳል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል፤ አንዲት ሳንቲም አትጎድልም። ከታክሲው የሚወጣው ሙዚቃ ደረት ይደልቃል፤ ቃሉ ባይገባንም እግራችን ያውቀው ነበር። ወጣቱ ሁሉ ክብ የጨርቅ ኮፍያ፣ ሰፊ ሱሪና የሸራ ጫማ ነበር የሚለብሰው። እኛ ሰባት ቤት ነበርን፤ ሁላችንም ከስልጤ ምድር፣ ከወራቤ ወዲህና ወዲያ የወጣን። ባሌ በድሩና እኔ አንድ ቤት፣ ጀማል አንድ፣ ሸምሱ አንድ፣ ሌሎች አራት የአገር ልጆች ደግሞ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ። ቤት እላለሁ እንጂ ቤቱስ የለም፤ ጎጎ ኖምሳ የምትባል የዙሉ ሴትዮ ጓሮዋ ውስጥ የሠራቻቸውን የቆርቆሮ ክፍሎች ተከራይተን ነበር የምንኖረው። ጎጎ ማለት በእነሱ ቋንቋ አያት ነው፤ ያን ጊዜ ግን አያት የሚያሰኝ ዕድሜ አልነበራትም፤ ጠብ ስትጀምር የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ዝም ይል ነበር።

ሥራችን አንድ ነበር። ጠዋት ጄፒ መንገድ ካሉት የህንዶች ጅምላ ሱቆች የአልጋ ልብስና መጋረጃ ማንሳት፣ በትከሻ መሸከም፣ ሎኬሽን ገብቶ ቤት ለቤት ማንኳኳት። ሎኬሽን የምንለው ጥቁሮቹ በዚያ በአሮጌው ዘመን ከከተማው ርቀው እንዲኖሩ የተደረጉበትን ሰፈር ነው። «ሳውቦና፣ ማማ» ብለህ በቋንቋቸው ሰላም እያልክ ትገባለህ፤ እሷ ደግሞ «ማይ ፍሬንድ» ትልሃለች። ግማሹን ዛሬ ትከፍላለች፣ ግማሹን የወሩ መጨረሻ። በድሩ ከአገር ይዞት የመጣው ቡኒ ኮት ነበረው፤ በዚያ ሙቀት አያወልቀውም። «ኮት የለበሰ ሰው ሌባ አይመስልም» ይል ነበር። ጀማል ደግሞ የጫማው ክር ተበጥሶ የአልጋ ልብስ በሚታሰርበት ነጭ ገመድ ነበር የሚያስረው። እኔ ከአገር ሳልመጣ በፊት ሁለቱ በአንድ ብርድ ልብስ ነው ያደሩት፤ በድሩ ሲያወራ ጀማል ሌሊት ብርድ ልብሱን ይጎትታል ይላል፣ ጀማል ደግሞ የሚጎትተው በድሩ ነው ይላል። ምሳቸው ኮታ ነበር፤ ሩብ ዳቦ ውስጡ ተቦርቡሮ ድንች የሚሞላበት። «ያለ ሥጋ» ሲሉ ሻጯ «ምን ዓይነት ወንዶች ናችሁ» እያለች ድንቹን ትጨምርላቸዋለች።

አሌክሳንድራ በሚባለው ሎኬሽን ሲሸጡ የዋሉ ቀን ሁለቱ ከአውራ ጎዳናው ድልድይ ላይ አረፍ ብለው ማዶ ያሉትን የሀብታሞቹን ሰፈር የሳንድተንን ፎቆች ያያሉ። በዚህ በኩል ሰው በሰው ላይ የተደራረበበት ሎኬሽን፣ ምሽት የከሰሉ ጭስ የሚጋርደው፤ በዚያ በኩል መስታወት። መሀሉ መንገድ ብቻ ነው። ጀማል «እዚያ ምን ዓይነት ሰው ነው የሚኖረው?» ሲል በድሩ «ከእኛ አልጋ ልብስ የማይገዛ ሰው» አለው። ጀማል «አንድ ቀን እዚያ ሄጄ አንኳኳለሁ» ሲል በድሩ «እዚያ አይንኳኳም፤ ደወል ነው» አለው። ይህን በድሩ ራሱ እየሳቀ ነው የነገረኝ። ያን ጊዜ የሚያስቅ ነገር ነበር።

የመጀመሪያው አረፋ ሲደርስ ሰባቱ አዋጥተን በሬ እንግዛ አልን። ለአረፋ አንድ በሬ ለሰባት ይበቃል፤ እኛም ሰባት ነን፤ አላህ ቆጥሮ የላከን መሰለን። ከኦሬንጅ ፋርም ወዲያ ያለ ነጭ ገበሬ ዘንድ ተሄደ። ገበሬው በሬውን ሸጦ ሲያበቃ ጠመንጃውን ይዞ መጣ፤ ልግደልላችሁ ማለቱ ነው። በድሩ በእጁ አንገቱን እያሳየ፣ ወደ ሰማይ እየጠቆመ፣ አጠገቡ ቆሞ እያላበው አስረዳው። ገበሬው ራሱን ነቅንቆ ጠመንጃውን መለሰ።

በሬው ጎጎ ኖምሳ ግቢ ታረደ። በአገራችን ቅርጫ የሚመደበው በእንሰት ቅጠል ላይ ነው፤ እዚህ እንሰት ከየት ይምጣ። በድሩ የአልጋ ልብሶቹን ፕላስቲክ በቢላ ሰንጥቆ ሰባት ቦታ አነጠፈ። ሸምሱ መዳቢ ሆነ፤ የሸምሱ እጅ ሚዛን ነው ይባል ነበር። ከሻኛው ሰባት፣ ከጎድኑ ሰባት፣ ጉበቱ ሰባት ቦታ፣ ጨጓራው ሰባት ቦታ። ትንሽ ያነሰው ላይ ጨመር፣ ከበዛው ላይ ቀነስ፤ ጎንበስ ቀና ሲል ፀሐዩ ገባ። ከዚያ ዕጣ። እያንዳንዱ ከኪሱ ወይ ከመሬት አንዲት ነገር ያነሳና ይሰጣል፦ ጠጠር፣ ስንጥር፣ ቆርኪ። ጀማል የክብሪት እንጨት ሰጠ። በድሩ ኪሱን ሲዳብስ የተገኘው አንዲት የመጋረጃ ቀለበት ነበረች፤ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜም ዕጣው እሷ ሆነች። የማንን ማን እንደሰጠ ያላየ ሰው ይጠራና በየመደቡ ላይ አንድ አንድ ያኖራል። እሱም ማን ይሆናል፤ ጎጎ ኖምሳ ቤት ውስጥ ተዘግቶባት ቆይታ ተጠርታ ወጣች። ግቢዋን ስለሰጠችን ጭንቅላቱና ቆዳው የእሷ ነበር።

ዕጣ ከወጣ በኋላ ደግሞ ማጉረምረም አለ። ያለ እሱ ቅርጫ አይባልም። አንዱ «የእኔ መደብ ጉበት አነሳት» ይላል፤ ሌላው «ለእኔ አጥንት ብቻ ነው እንዴ የደረሰኝ»፤ ሸምሱ ቢላውን ይዞ «እንግዲህ በሬውን መልሼ ልስፋልህ?» ይላል። ጎጎ ኖምሳ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አይታ አይታ፣ «እኩል ነው ያካፈላችሁት አይደል? ታዲያ ምን ያጣላችኋል?» ብትል በድሩ «እኩል ስለሆንን ነዋ» አላት። በእንግሊዝኛ ነው የነገራት፣ የእሱ እንግሊዝኛ ምን እንዳሰማት እንጃ፤ ብቻ ራሷን ነቀነቀች።

ዓመታት አለፉ፣ አረፋም እየዞረ በየወቅቱ መጣ። ሸምሱ ክሊፕታውን በሚባል ሰፈር ስፓዛ ከፈተ፤ እኛም ኦሬንጅ ፋርም አንዲት ክፍል ስፓዛ። ስፓዛ ማለት ከዳቦ እስከ ሳሙና በፍርግርግ ቀዳዳ የሚሸጥበት ሱቅ ነው። ጀማል ግን ከፍ አለ። ከህንዶቹ መግዛቱን ትቶ ከቻይና በኮንቴነር ማስመጣት ጀመረ፤ ብዙ ሳይቆይ ጄፒ ላይ ህንዶቹ ራሳቸው ከእሱ የሚገዙ ሆኑ። ሰነፍ ሆነን እሱ ጎበዝ ሆኖ አይደለም፤ በድሩ ከእሱ ይበልጥ ይዞር ነበር። የአንዱ ኮንቴነር በሰላም ገባ፣ የሌላው ስፓዛ ተዘረፈ፤ ያ ነው። ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ ይባላል፤ ጀማልም በሰማዩ መንገድ ሄደና ሐጅ አድርጎ ተመለሰ። ሐጂ ጀማል ሆነ። እኔም ሳላውቀው አንተ ማለቱን ትቼ እርስዎ አልኩት።

አንድ አረፋ ላይ ዕጣ ሲሰበሰብ ሐጂ ጀማል በሐሳብ ላይ ነበርና ኪሱ የተገኘውን የመኪና ቁልፍ ሰጠ። ጎጎ ኖምሳ ተጠራች። ሌላ ሌላውን እንደዋዛ አኖረችና ቁልፏን ስታነሳ ቆም አለች። ሰባቱንም መደብ ዞረች። ከዚያ ስቡ የሚያምረው ላይ አስቀመጠችው። ሸምሱ «ለምን እዚያ?» ሲላት «ቁልፍ ያለው ሰው ቤቴ ድረስ ሊያደርሰኝ ይችላል፤ ጠጠር ያለው ምን ያደርግልኛል?» አለች። ቤቷ እዚያው ነበር፣ በሩ ላይ ቆማ ነው ይህን የምትለው። ሁላችንም ሳቅን፤ ሐጂ ጀማልም ሳቀ። ሸምሱ ግን ሥጋውን በትኖ እንደገና መደበና «ከዛሬ ጀምሮ ከመሬት የተነሳ እንጂ ከኪስ የወጣ ዕጣ አልቀበልም» አለ። የበድሩን ቀለበት ብቻ ምሮ ተዋት።

የሚቀጥለው ዓመት በሬውን ሐጂ ጀማል ብቻውን ገዝቶ አስመጣ። እንዲህ ያለ በሬ አይተን አናውቅም። እኛ መዋጮአችንን ይዘን ስንመጣ «ዘንድሮ ከእኔ ነው፤ ወንድሞቼ አይደላችሁ? ገንዘባችሁን ለልጆቻችሁ አድርጉት» አለ። በቅንነት ነው ያለው፤ ፊቱን አይቼዋለሁ። ሰዉ መረቀው። ሸምሱ እንደ ልማዱ ሰባት መደብ መደበ። በድሩ ቀለበቷን አውጥቶ መዳፉ ላይ ይዞ ቆመ። «ዕጣስ?» አለ። ሸምሱ ቢላውን እየጠረገ «ምን ዕጣ አለው በድሩ፣ ሁሉም የሐጂ ነው፤ አንዱን አንሳ» አለው። ሁሉም አንድ አንድ አነሳ። በድሩም የይሉኝታ ሰው ነውና አነሳ። ያን ቀን ጉበት አነሰኝ ያለ ሰው የለም። አጥንት በዛብኝ ያለ የለም። ከዚያ በፊት እንደዚያ ፀጥ ያለ ቅርጫ አላየሁም።

ክፍላችን ስንገባ በድሩ ሥጋውን ጎጎ ኖምሳ በር ላይ አድርሶ መጣ። «ምነው?» አልኩት። «ሙኒራ» አለ፣ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ፣ «እኔ ዘንድሮ አረፋ አላረድኩም። ሐጂ ነው ያረደው። እኔ የተሰጠኝ ሰው ነኝ።» ቆይቶ ደግሞ «የራሴ ብትሆን ትንሽ ናት እል ነበር። የተሰጠኝን ግን ትንሽ ናት ማለት እንኳ አልችልም» አለ። ለአንድ ሰባተኛ የሚደርሰውን ገንዘብ ይዞ በማግስቱ ጄፒ ሄደ፤ የመጋረጃ ጨርቅ እፈልግ ስለነበር እኔም አብሬው ነበርኩ።

ሐጂ ጀማል ሻይ አስመጣልን። በድሩ ገንዘቡን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሐጂ ጀማል መልሶ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተለት። «እኔና አንተ በዚህ እንነጋገር? ወንድምህ አይደለሁም?»

«ወንድሜ ነህ። ለዚህ እኮ ነው ተቀበለኝ የምልህ።»

«ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል? ከበድሩ ላይ ገንዘብ ተቀበለ ይበሉኝ?»

«ቅርጫ ገቡ ይሉናል።»

ሐጂ ጀማል ሳቀና ትከሻውን መታ አደረገው፣ ለእኔም ጨርቁን ያለ ትርፍ አስቆረጠልኝ። አልተጣሉም። ቢጣሉ ይሻል ነበር፤ ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቃቸው ነበር። በለቅሶ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ በሰርግ ይሳሳማሉ። ቅርጫው ግን በዚያው ቀረ። በየዓመቱ የሐጂ ጀማል ሹፌር ለየቤቱ በካርቶን የታሸገ ሥጋ ያደርሳል፤ በድሩም በየዓመቱ አመስግኖ ተቀብሎ ለጎጎ ኖምሳ ይሰጣል።

በድሩ ኩላሊቱን ታሞ ሞተ። አስከሬኑን አገር ያስገባው ሐጂ ጀማል ነው። ሐያት ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የከፈለላት እሱ ነው። ይህን ካልተናገርኩ ግፍ ነው። ስሙን በክፉ የሚያነሳ ሰው ቤቴ ውስጥ ሻይ አይጠጣም። ቢሆንም የእሱ ካርቶን በመጣ ቁጥር ከፍቼው አላውቅም። ሐያት ከተማ ውስጥ ሜይፌር በሚባል ሰፈር ቤት ተከራይታ ወደ እሷ ካመጣችኝ በኋላም ካርቶኑ ሜይፌር ይመጣል፣ እኔም በማግስቱ ኦሬንጅ ፋርም እልከዋለሁ። የአረፋ ሥጋ ከገዛሁ ከፎርድስበርግ ሥጋ ቤት፣ በኪሎ፣ እንደማንኛውም ቀን። የትምህርት ቤት ክፍያ ተቀብዬ ሥጋ አልቀበልም ማለቴ ለሐያት አይገባትም። እውነቷን ነው፣ ስሌቱ አይገጥምም። ቸግሮኝ የወሰድኩትን ወስጃለሁ፤ ያቺ መደብ ግን የበድሩ ናት፣ እሱ ያልበላውን እኔ ብበላው ከሰባቱ ቤት አንዱ የነበርንበት ዘመን እንዲያው በካርቶን ተዘግቶ የሚቀር ይመስለኝ ነበር። ያ ዘመን ይናፍቀኛል። ድህነቱ አይናፍቀኝም፤ ድህነት የሚናፍቀው ያልቀመሰ ሰው ነው።

ዘንድሮ አረፋ በብርዱ ወራት ገባ። ከአረፋው በፊት ባለው ሳምንት ሐያት ስልኳን ይዛ መጥታ «ማማ፣ በአፕ ኦርደር ማድረግ ይቻላል እኮ፤ ያርዱታል፣ ፓክ አድርገው ያመጡታል» እያለች የበሬ ፎቶ ታሳየኛለች። በሬው ቁጥር አለው። ስስቅባት በሩ ተንኳኳ። ሐጂ ጀማል ራሱ ነው፤ ከዘራ ይዟል፤ ሹፌሩን መኪና ውስጥ ትቶት መጥቷል። ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ። ከዚያ «ሙኒራ፣ የምልክልሽን ሥጋ ትበያለሽ?» አለኝ።

«ጎጎ ኖምሳ ትበላዋለች።»

«አውቃለሁ። ሹፌሩ ነግሮኛል። በድሩም አይበላም ነበር፣ እሱንም አውቃለሁ።» ከዘራውን ከጉልበቱ ወደ ጉልበቱ አዛወረ። «በየዓመቱ አንድ በሬ አርዳለሁ። ሁሉም ይደርሰዋል። ለእኔ የሚቀረውን ሠራተኛዋ ፍሪጅ ታስገባዋለች፣ የትኛው ብልት እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ልጆቹ ለንደን ናቸው። ዘንድሮ ቅርጫ ልግባ ብዬ ስልክ ደወልኩ፤ ሁሉም "ሐጂ፣ አላህ ይጨምርልዎ፣ ስንት ሰዓት እንምጣ?" ነው የሚለኝ። የሚቀበል ሰው ሞልቷል። የሚገባ ሰው አጣሁ።»

አሳዘነኝ። እንዲህ ብዬ ብናገር ይሻላል፤ አሳዘነኝ። «ሰባት ሰው እኔ ልፈልግ» አልኩት። «ግን እያንዳንዱ የራሱን ይከፍላል። ለማንም አይከፍሉም፣ በስውርም ቢሆን። ዕጣ ይጣላል። ሹፌር አይላክም።» ራሱን ነቀነቀ። ሐያት ወዲያው «የማማን እኔ እከፍላለሁ» ስትል «አንቺ አርፈሽ ሕመምተኛሽን አክሚ፤ የእኔን መጋረጃዬ ይከፍልልኛል» አልኳት። ዛሬም መጋረጃ እሰፋለሁ፣ ዛሬም የሚገዙኝ አሉ።

ሰው መፈለጉ እንዳሰብኩት ቀላል አልሆነም። ሸምሱ ክሊፕታውን ስፓዛው ውስጥ ተቀምጦ ስልኬን ሲያነሳ ሳቀብኝ። «ሰውዬው ሙሉ መደብ በነጻ ይሰጠኛል፣ አንቺ ደግሞ ግዛ ትይኛለሽ። ብርዱ ነው ወይስ ዕድሜው?»

«ዕጣ ይጣላል» አልኩት።

«መዳቢው ማን ነው?»

«አንተ።»

«ማጉረምረምስ አለበት?»

«እንደ ድሮው።»

«እንግዲያው አስገቢኝ» አለ። የቀሩትን ከድሮዎቹ ማግኘት አልተቻለም፤ ሁለቱ ሞተዋል፣ አንዱ አገር ገብቷል፣ አንዱ ደግሞ ስልኩን ዘጋብኝ። አጠገቤ ልብስ የሚሰፋ ዩሱፍ የሚባል የማላዊ ሰው አለ፣ ጉዳዩ ሲገባው ደስ ብሎት ገባ። ከሐያት ሆስፒታል አንድ የአገራችን ልጅ ሐኪም፣ ከአሌክሳንድራ ሁለት ወንድማማች ስፓዛ ነጋዴዎች ተጨመሩ። ሐጂ ጀማል፣ ሸምሱ፣ እኔ። ሰባት ሞላ።

በሬው እርሻ ላይ ታርዶ በፒክአፕ የመጣው ሐጂ ጀማል ቤት ነው፣ ያኔ ከድልድዩ ላይ በሚያዩት በሳንድተን። ሐያት ጎጎ ኖምሳን ከኦሬንጅ ፋርም በመኪናዋ አመጣቻት። አሁን በእውነት አያት ሆናለች፤ ዓይኗ ደክሟል፣ ለዕጣ ከዚህ የተሻለ ዓይን የለም። ግቢው ከጫፍ እስከ ጫፍ ድንጋይ የተነጠፈበት ነው፤ ሣሩ እንኳ የፕላስቲክ ነው፣ ጎንበስ ብዬ ነክቼዋለሁ። ከሰገነቱ ላይ በሩቅ የአሌክሳንድራ ጭስ ይታያል። ሐጂ ጀማል «ጭሱን ለማየት ብዬ ነው እዚህ የገዛሁት» አለኝ፣ እውነቱን ይሁን ቀልዱን አላወቅኩም። ከፍራሼ ሥር ያስቀመጥኩትን ፕላስቲክ አወጣሁ፤ ሌላም ከሰፈር ሰብስቤ ነበር። ሰባት ቦታ አነጠፍን። ሸምሱ እጅጌውን ሰብስቦ ጎንበስ አለ፤ ወገቡ እንደ ድሮው አይታዘዝም፣ እጁ ግን ያው ነው። ሐኪሙ የየመደቡን ክብደት በስልኬ ላስላ ቢል ሸምሱ አንዴ ቀና ብሎ አየው፣ ልጁም ስልኩን ከተተ።

ጎጎ ኖምሳ ወደ ቤት ገብታ ተዘጋባት። ዕጣ ይሰብሰብ ተባለ። ዩሱፍ ከአንገቱ የክር ቁራጭ አወጣ። ወንድማማቾቹ ከመኪናቸው ጎማ ላይ ጠጠር ፈልቅቀው አመጡ፣ አንዱ ነጭ አንዱ ጥቁር። ሐኪሙ ከፒክአፑ ላይ ቆርኪ አገኘ። ሸምሱ የአጥንት ፍንካች ያዘ። እኔ መሐረቤን ፈትቼ የበድሩን የመጋረጃ ቀለበት አወጣሁ። ሐጂ ጀማል አያት። ከዘራውን ጠበቅ አደረገ። ከዚያ የራሱን ሊሰጥ የድሮውን ሕግ ረስቶ እጁን ኪሱ ከተተ። ስልክ ወጣ። የመኪና ቁልፍ ወጣ። ሸምሱ «ከመሬት» አለው። ወደ መሬት አየ፤ መሬቱ ተጠርጎ ታጥቦ ያበራል። አንድ ስንጥር፣ አንድ ቅጠል የለበትም። ከወንድማማቾቹ አንዱ «ሐጂ፣ እኔ ላምጣልዎ» ብሎ ሊነሳ ሲል «ተቀመጥ» አልኩት። ከዚያ ወደ ሐጂ ጀማል ዞርኩ። ከስንት ዘመን በኋላ ያ የድሮው አንተ ከአፌ ወጣ። «ጀማል፣ ሂድና ፈልግ። እንጠብቅሃለን።»

ሄደ። የበሩ ጠባቂ በእግሩ የሚወጣ ሰው የለመደ አይደለም፤ ሐጂን ሲያይ ትልቁን የመኪና በር በሙሉ ከፈተለት። ሐጂ ጀማል ከዘራውን እየተደገፈ በዚያ ሰፊ በር መሀል ወጣ፣ ግንቡን ይዞ ሄደ፣ ከዓይናችን ተሰወረ። ሥጋው እየቀዘቀዘ ነበር። ቆይቶ ሲመለስ ነጭ ቀሚሱ ጉልበቱ ላይ አፈር ነክቶታል፤ እጁ ላይ ከመንገድ ዳር ያነሳት ቀጭን የጃካራንዳ እንጨት አለች። ለሸምሱ ሲሰጣት ፊቱ የዚያ ጫማውን በገመድ የሚያስረው ልጅ ፊት ነበር።

ጎጎ ኖምሳ ተጠራች። እየዳበሰች በየመደቡ ላይ አንድ አንድ አኖረች፤ የእኔ ቀለበት ከዳር ያለችው መደብ ላይ ወደቀች። ሁሉም ወደየራሱ ሄዶ ቆመ። ፀጥ አለ። ያ የፊተኛው ዓመት ፀጥታ ዳግም የመጣ መስሎኝ ፈራሁ። ጎንበስ ብዬ መደቤን አገላበጥኩ፣ ሻኛው ደህና ነው፣ ጎድኑ ደህና ነው። ቀና አልኩና ጮክ ብዬ፣ «ይቺ መደብ ጉበት አነሳት» አልኩ።

ሸምሱ ቢላውን ያዘ። «በሬውን መልሼ ልስፋልሽ?»

«ለእኔም አጥንት በዝቶብኛል» አለ ሐጂ ጀማል። «ሸምሱ፣ ድሮም ለእኔ አጥንት ነው የምታበዛው።» ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ አላውቅም፤ ዩሱፍ እንኳ በቋንቋው የሆነ ነገር ያጉረመርም ነበር። ጎጎ ኖምሳ ወንበሯ ላይ ሆና ወደ ድምፁ ዞራ ትሰማለች። ሐያት መደቤን ልትሸከምልኝ ስትመጣ ተይኝ ብያት ፕላስቲኩን በአራት ማዕዘኑ ሰብስቤ ራሴ ያዝኩት።

ያን ዕለት ሜይፌር ደርሼ እጄን ታጥቤ ጉበቷን ጠበስኩ። በእርግጥም አንሳ ነበር። ከሐያት ጋር ቁጭ ብለን በላናት፣ ጨረስናት።